ክፍለ ጊዜው የማን ነው? በውጭ አገር ጉዞ ላይ የገጠር ትምህርት ቤት ስለመጎብኘት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ።

በትንሽ ሒሳብ እንጀምር። ሃምሳ ተማሪዎች የተቀመጡበት ክፍል አለ እንበል። እንግዳ ገብቶ እያንዳንዱን ልጅ ይጨብጣል። አንዱን መጨበጥ ስድስት ሰከንድ ቢፈጅ ሃምሳው 300 ሰከንድ ይሆናል፤ አምስት ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ልጆቹ ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ ሰላምታ ሰጥተዋል። ከዚያ በኋላ መዝሙር አለ፣ ፎቶ አለ፣ ከረሜላ አለ። የአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ጎብኚ በሚበዛበት መንገድ ላይ ያለ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቡድን ቢቀበልና የጉብኝቱ ወቅት አሥራ ሁለት ሳምንት ቢሆን 24 ክፍለ ጊዜ ጠፋ። በሳምንት አምስት ጊዜ ለሚሰጥ ትምህርት ይህ ወደ አምስት ሳምንት ይጠጋል። ያውም ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። እንግዳ የሚወሰደው ሁልጊዜ ወደዚያው ክፍል ነው፦ ለበሩ ወደቀረበው፣ ግድግዳው ቀለም ወደተቀባው፣ መምህሩ የውጭ ቋንቋ ወደሚችለው።

እንግዳው በር ላይ ቲኬት ስለማይቆርጥ ጉብኝቱ ነጻ ይመስለዋል። ሒሳቡን የሚከፍሉለት ልጆቹ ናቸው፣ ከክፍለ ጊዜያቸው ቀንሰው። ይህን የምለው «አትሂዱ» ለማለት አይደለም። አንድን አገር ከሆቴልና ከገበያ ይልቅ ከትምህርት ቤቱ ማወቅ ይቻላል፤ ለመምህራኑም ቢሆን የሩቅ ሰው ሥራቸውን ብሎ መምጣቱ ደስ ይላል። ጥያቄው ሒሳቡ እንዴት ዝቅ ይበል የሚለው ነው።

ትልቁ ቁጠባ ያለው ጉዞው ሳይጀመር ነው። የብዙ ሰው ስሕተት ትምህርት ቤትን እንደ መንገድ ዳር ፏፏቴ ማየት ነው፤ መኪናውን አቁሞ ዘው ይላል። ትምህርት ቤት ግን የሥራ ቀን አለው፣ ካላንደሩም እንደየአገሩ ይለያያል። ኬንያ ውስጥ ዓመቱ በጥር ተከፍቶ በሦስት ተርም ይከፈላል። ፔሩ በመጋቢት ከፍታ በታኅሣሥ ትዘጋለች። ጃፓን ከሚያዝያ እስከ መጋቢት ታስተምራለች። ባንግላዴሽንና ግብፅን በመሳሰሉ አገሮች ዓርብ ትምህርት የለም። ስለዚህ ቀኑን ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ትምህርት አለ ወይ፣ ፈተና ነው ወይ፣ ትምህርት ቤቱስ በፈረቃ ነው ወይ። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአንድ ሕንፃ ሁለት ትምህርት ቤት ማለት ነው። የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፣ በመካከል ያለችው ጊዜ ለመጥረግና ለስም ጥሪ እንኳ አትበቃም። እንግዳ በዚያች ሰዓት ከደረሰ ሁለቱንም ፈረቃ ያውካል።

በተርሙ የመጀመሪያ ሳምንት ክፍሎቹ ገና አልተደላደሉም፣ ፕሮግራም አልወጣም። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ መምህሩ ማርክ እየደመረ ነው። በአዝመራ ወቅት ብዙ ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ማሳ ላይ ስለሚውሉ ባዶ ዴስክ ታዩና የተሳሳተ ግምት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። የገበያ ቀንም እንደዚያው ነው። የሚሻለው ተርሙ ከተጋመሰ በኋላ ያለ ተራ ቀን፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። የጠዋቱ ሰልፍና ስም ጥሪ አብቅቷል፤ ከሩቅ በእግር የሚመጡትም ደርሰዋል፤ የረሃቡና የሙቀቱ ሰዓት ደግሞ አልደረሰም።

ፈቃድ የሚጠየቀው ከርዕሰ መምህሩ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነው። አስጎብኚው «ችግር የለም፣ አውቃቸዋለሁ» ይላል፤ ያረፋችሁበት ቤት ባለቤትም እንደዚያው። እነሱ መንገድ ያሳያሉ እንጂ ትምህርት ቤቱን ወክለው አይፈቅዱም። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት አምስት ነገር አሳውቁ፦ ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምትደርሱ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆዩ፣ ምን ማየት እንደምትፈልጉ፣ ፎቶ ለማንሳት ታስቡ እንደሆነ። በአንዳንድ አገር ርዕሰ መምህሩ ራሱ የበላይ የትምህርት ቢሮ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ካስፈለገው ወረቀቱን ለማውጣት የምትሯሯጡት እናንተ ናችሁ፤ ለእሱ አትተዉለት።

በመልእክቱ መጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «የአቀባበል ዝግጅት አያስፈልግም፤ ትምህርቱ እንዳለ ይቀጥል።» ይህች መስመር ከሁሉም በላይ ትሠራለች። ካልተጻፈች ልጆቹ ሁለት ቀን መዝሙር ይለማመዳሉ፣ ግቢ ይጠርጋሉ፣ አበባ ይለቅማሉ። መምህሩም የዕለቱን ትምህርት ትቶ ለዓይን የሚያምረውን ያዘጋጃል፤ ጎበዙን ተማሪ መርጦ ባለፈው ወር በቃሉ የያዘውን ምንባብ ያስነብበዋል። እንግዳው «እንዴት ያነባሉ!» ብሎ ይወጣል። ያየው ግን ትምህርቱን ሳይሆን ለእሱ የተሰናዳውን ትርኢት ነው።

ከልካይ መልስ ሊመጣ እንደሚችልም እወቁ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ኦሳካ ግዛት በሚገኝ የኢኬዳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ገብቶ ስምንት ልጆችን ከገደለ ወዲህ በመላ አገሪቱ የትምህርት ቤቶች የበር ጥበቃ ጠብቋል። እንግሊዝ ውስጥም እንግዳ ተመዝግቦ፣ ባጅ አንጠልጥሎ፣ ሠራተኛ አጅቦት ነው የሚገባው። «እዚያ ሀብታም አገር ሳልጠየቅ የማልገባበትን እዚህ ለምን ዘው እላለሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ደግ ነው። አጥር የሌለው ግቢ ፈቃድ የማያስፈልገው ግቢ አይደለም።

ስለ ቁጥራችሁ። ወደ ግቢው ከስድስት ሰው በላይ፣ ወደ አንድ ክፍል ደግሞ ከሁለት በላይ ባትገቡ ይመከራል። አሥራ አምስት ሰው ሆኖ በአውቶቡስ የሚመጣ ቡድን ተከፋፍሎ በተለያየ ቀን ይምጣ፤ ካልቻለ ለክፍሉ የሚገቡትን ሁለቱን መርጦ ሌሎቹ ቢሮና ግቢ ይዩ። በሳል፣ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ያለበት ሰው ጨርሶ አይግባ። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሚተላለፈውም ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ክትባትን ከጉዞው በፊት ማረጋገጥ የእንግዳው ግዴታ ነው። ሃምሳ ልጅ በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ እቤት ታናናሾች አሏቸው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ሩቅ ሊሆን ይችላል።

አሁን በሩ ላይ ደረስን። ለጥበቃው ሰላምታ ሰጥታችሁ ቀጥታ ወደ ቢሮ ሂዱ። በመስኮት ወደ ክፍል መመልከት፣ እጅ ማውለብለብ የለም፤ አንድ ልጅ ካየ ክፍሉ በሙሉ ይዞራል። ውሃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቹ ውሃ የሚያመጡት በጀሪካን ከሩቅ ከሆነ አንድ ብርጭቆም ከዚያው ይቀነሳል። የእንግዳ መዝገብ ከቀረበላችሁ ፈርሙ፣ ቀን ጻፉ፤ ለርዕሰ መምህሩ ሰነድ ነው።

ቢሮው ውስጥ የምታሳልፉት ሃያ ደቂቃ ከክፍሉ ይልቅ ብዙ ያስተምራል፤ ይህን አውቆ የሚመጣ ጎብኚ ግን አይበዛም። ግድግዳውን አንብቡ። የተማሪ ቁጥር በክፍልና በጾታ የተጻፈበት ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ከላይ ወደ ታች ስታነቡ አንደኛ ክፍል 90 ተማሪ፣ ስምንተኛ ክፍል 22 ተማሪ ቢሆን ለምሳሌ፣ ጥያቄው ራሱን ይጠይቃል። የሴቶቹን ዓምድ ለብቻው ተከተሉት፤ የት ላይ ድንገት ይሳሳል? ብዙ ጊዜ የሚሳሳው በላይኞቹ ክፍሎች ነው፤ ያን ጊዜ መጸዳጃ ቤቱን መጠየቅ ይገባል። ለሴቶች የተለየ ነው? ከውስጥ ይቆለፋል? ውሃ በአጠገቡ አለ? ከዚህ ሁሉ ጋር ቁጥሮቹን በጥርጣሬ ያዙ። የተመዘገበና በዕለቱ የተገኘ አንድ አይደለም፤ ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ።

ከዚያ የሚጠየቁት ሥራ ላይ ያተኮሩ ይሁኑ። ስንት መምህራን አሉ፣ ስንቱስ በግቢው ወይም በአቅራቢያው ይኖራሉ? አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ነው? ልጆቹ እቤት የሚናገሩትና በትምህርት የሚጠቀሙበት ቋንቋ አንድ ነው? ሩቁ ልጅ ስንት ሰዓት ይሄዳል? በክረምት የሚሞላ ወንዝ አለ? ከመጨረሻው ክፍል በኋላ የሚቀጥሉት የት ነው? «ምን ይጎድላችኋል?» የሚለውን ግን ተዉት። ጥያቄ ይምሰል እንጂ በብዙ ቦታ የሚሰማው እንደ ቃል ኪዳን ነው። ርዕሰ መምህሩ ዝርዝሩን ይነግራችኋል፤ ከሰዓት መምህራኑን ሰብስቦ «እንግዶቹ ጠይቀውናል» ይላቸዋል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። እናንተ ረስታችሁታል፣ እነሱ ግን ይጠብቃሉ። ገና ያልላካችሁትን ነገር «እንልካለን» ብላችሁ አትናገሩ፤ ይህ ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም።

አስተርጓሚ ካለ አስቀድማችሁ አስረዱት፦ ያልተመለሰ ጥያቄን በራሱ ግምት እንዳይሞላ፣ የመምህሩን ንግግር እንዳያሳምር። በትምህርት ሰዓት አስተርጓሚ ከጎናችሁ ተቀምጦ ሹክ ማለት የለበትም። ከኋላ የሚመጣ ሹክሹክታ ከጩኸት ይልቅ የልጅን ጆሮ ይስባል። የሚገባችሁን ያህል ተመልከቱ፤ የቀረውን ከደወል በኋላ ጠይቁ።

ወደ ክፍል ስትገቡ አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀመጡበት። አምስት ክፍል እየዞሩ አንድ አንድ ደቂቃ መቆም ከሁሉ የከፋው ዘዴ ነው። ለምን ቢባል፣ በገባችሁ ቁጥር መነሣት፣ ሰላምታ፣ መቀመጥ፣ መንሾካሾክ፣ መምህሩ ያቆመበትን መፈለግ አለ። የእናንተ አንድ ደቂቃ የእነሱን አራት አምስት ደቂቃ ትበላለች፤ በአምስት ክፍል ሲባዛ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከደወል በፊት ገብታችሁ ከኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ዝቅ ባለ ነገር ላይ ተቀመጡ። ለእንግዳ ከቢሮ ባለመደገፊያ ወንበር አምጥተው ከሰሌዳው አጠገብ ያስቀምጡላችኋል፤ በትሕትና አሳልፉት። ከፊት ከተቀመጣችሁ ትምህርቱ እናንተው ሆናችሁ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምንም አያሳዩም፤ ሁሉም ሰው ጀርባውን አቅንቶ ነው የሚቀመጠው። ልጆቹ ሲረሷችሁ ነው ትምህርት ቤቱ የሚገለጥላችሁ። ያን ጊዜ እጆችን ተመልከቱ። ለሦስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ከሆነ መጽሐፉን የሚይዘው መሐል ያለው ልጅ ነው። የግራና የቀኙ አንገታቸውን አዘንብለው ያነባሉ፤ ገጹን ለመግለጥ የሚጠብቁት የቀርፋፋውን አንባቢ ነው፣ ወይም አይጠብቁትም። ሰሌዳውን ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ለማንበብ ሞክሩ። የጥቁሩ ቀለም ተልጦ ጠመኔው የማይይዝበት ቦታ ካለ መምህሩ እየዘለለው እንደሚጽፍ ታያላችሁ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሰሌዳው ላይ ሲያንጸባርቅ አንድ ረድፍ ሙሉ በሙሉ አይታየውም፤ እነዚያ ልጆች ከጎረቤት ደብተር ይገለብጣሉ። የሚጽፉትን እንጂ የሚረዱትን አታዩም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያንን መፍረድም አይቻልም። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከወረደ ደግሞ መምህሩ ማውራቱን ትቶ ይጽፋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ማንም አይሰማውም።

ጥምር ክፍል ካጋጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። መምህር ባነሰበት ገጠር ሁለት ወይም ሦስት የክፍል ደረጃ በአንድ መምህር አንድ ክፍል ውስጥ ይማራል። ሰሌዳው በመስመር ለሁለት ይከፈላል፤ ለአንደኛው ቡድን ሲያስረዳ ሌላው መልመጃ ይሠራል፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስነብባሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ትርምስ ይመስላል። ሥራውን ለማየት ሰዓታችሁን ይዛችሁ መምህሩ ከቡድን ወደ ቡድን የሚዞርበትን ጊዜ ቁጠሩ፣ በዚያ መካከል ሥራ ያልተሰጠው ቡድን ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠም አስተውሉ። የጥምር ክፍል ጥበብ ሁሉ ያቺን ባዶ ደቂቃ ማሳነስ ነው።

ብዙ ጊዜ ያልታሰበው ይመጣል፦ መምህሩ ጠመኔውን ያቀብላችሁና «ትንሽ ያስተምሩልን» ይላል። መጀመሪያ ስለ ቪዛ። በብዙ አገር የጎብኚ ቪዛ ያለክፍያ ሥራንም አይፈቅድም፤ ኔፓል ለምሳሌ የጎብኚ ቪዛ የያዘ ሰው በበጎ ፈቃድም ቢሆን እንዳይሠራ ትከለክላለች። የአሥር ደቂቃ ጥያቄና መልስ አንድ ነገር ነው፣ ሁለት ሳምንት «አስተማሪ» ሆኖ መቀመጥ ሌላ። የሁለት ሳምንቱ መዘዝ ከቪዛም ይሰፋል፦ መምህሩ ከፕሮግራሙ ወደ ኋላ ይቀራል፣ እናንተ ስትሄዱ ያቆማችሁበትን የሚቀጥል የለም።

ለአሥሩ ደቂቃ ግን ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ቀንና ሌሊት እንዴት እንደሚፈራረቁ ለማሳየት ኳስና የስልክ መብራት ይበቃሉ። ኳሱን የአየር መሙያ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ያዙት፤ ቀዳዳው ሰሜን ዋልታ ነው። በጠመኔ ሁለት ነጥብ አድርጉ፦ አንዱ የልጆቹ አገር፣ ሌላው የእናንተ። አንድ ተማሪ መብራቱን ከጎን ይያዝ፣ ሌላው ኳሱን ያዙር። ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ መዞር አለበት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ መፈተኛው ቀላል ነው፦ በምሥራቅ ያለችው ነጥብ ቀድማ ብርሃን ካላገኘች በተቃራኒው እያዞራችሁ ነው። ከዚያ ጠመኔውን ለልጆቹ ስጡ። አንድ ዙር 360 ዲግሪ፣ ቀኑ 24 ሰዓት፤ ሲካፈል በሰዓት 15 ዲግሪ። በሁለቱ አገሮች መካከል 60 ዲግሪ ካለ ስንት ሰዓት ይለያያሉ? አራት ብሎ የሚጮኽ አይጠፋም። «እኛ እዚህ ስንማር እናንተ ጋ ልጆች ተኝተዋል?» የሚለው ጥያቄ ከመጣ ሥራችሁን ጨርሳችኋል። የሚያበላሸው ብርሃን ነው፤ በቀን ክፍሉ ስለሚፈካ የስልኩ መብራት አይታይም። ጥግ ላይ፣ የመስኮቱን መዝጊያ ገርበብ አድርጋችሁ፣ በየረድፉ እየጠራችሁ አሳዩ። ስድሳ ልጅ በአንዴ ከተሰበሰበ ከፊት ያሉት አሥሩ ብቻ ያያሉ።

ስጦታ። ከረሜላን በሁለት ምክንያት እቃወማለሁ። ጥርስ አንዱ ነው፤ የጥርስ ሐኪም በሌለበት የተቦረቦረ ጥርስ እስኪነቀል ያማል። የባሰው ግን የሚያስተምረው ነገር ነው። መኪና ሲቆም መሮጥ የሚያተርፍ ከሆነ ልጅ መንገድ ዳር ይውላል፤ ትምህርት ሰዓትም ቢሆን። እስክሪብቶም በመንገድ ላይ ለሚለምን ልጅ ከተሰጠ ከከረሜላ አይለይም። ለተማሪ በእጁ አይሰጥም፤ ለትምህርት ቤቱ በቢሮ ይሰጣል፤ የሚያከፋፍለው መምህሩ ነው። ቁጥሩ ከተማሪው ካነሰ ደግሞ ጨርሶ ለማደል አይወጣም። አርባ ደብተር ለሃምሳ ልጅ ማለት አሥር የሚያለቅስ ልጅ ነው።

ምን ይሰጥ? ከርዕሰ መምህሩ ጠይቃችሁ እዚያው አገር፣ በቅርቡ ከተማ ግዙ። የደብተሩ መስመር ከሚጠቀሙበት ጋር ይገጥማል፣ የሻንጣ ኪሎና ጉምሩክ የለም፣ ሲያልቅም የሚገዙበትን ያውቃሉ። ከሩቅ በሻንጣ የመጣ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፦ ቋንቋው ይከብዳል፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ አይገጥምም፣ ከሁሉም በላይ አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። መምህር በክፍል የሚያስተምርበት አንድ ርዕስ በሃያ አምስት ቅጂ ነው፤ ሁለት ለአንድ ይዘው ሃምሳ ልጅ ያነባል። አንድ መቶ የተለያየ ርዕስ ግን መደርደሪያ ያስውባል። ኳስ ጥሩ ስጦታ ነው፣ መንፊያውና ሁለት ሦስት መርፌው ከተጨመሩ። አለበለዚያ በወሩ ይተነፍስና ይጣላል። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ቁጥር 5 ነው የሚስማማው። ኮምፒዩተር ከመስጠታችሁ በፊት መብራት በቀን ስንት ሰዓት እንዳለ፣ ቮልቴጁ 110 ይሁን 220፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ጠይቁ። አራቱም መልስ ከሌላቸው ተዉት። ጠመኔ ማንም አያስበውም፤ በጀት ሳይደርስ ሲያልቅ ግን ትምህርቱ የሚቆመው በእሱ ነው።

ገንዘብ ከሆነ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ። የማይቻል ከሆነ ርዕሰ መምህሩና ከወላጆች ኮሚቴ አንድ ሰው ባሉበት ይሰጥ፤ መጠኑ በቁጥርና በፊደል የተጻፈበት፣ ማህተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ። «ደረሰኝ ብጠይቅ ያላመንኳቸው ይመስላቸዋል» የሚል አለ። እንዲያውም ደረሰኙ የሚጠብቀው እነሱን ነው፤ ነገ «እንግዳ ብዙ ሰጥቶ ነበር» የሚል ወሬ ሲነሣ ርዕሰ መምህሩ የሚያሳየው ወረቀት አለው። በአስጎብኚ በኩል ገንዘብ አይተላለፍ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም። ምን ይሠራበት የሚለውን ደግሞ ለእነሱ ተዉ። ኔፓል ውስጥ የኩምጁንግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1961 በኤቨረስት ተራራ ወጪው በኤድመንድ ሂላሪ ጥረት ሲሠራ መነሻው የአካባቢው ሕዝብ የሆኑት የሼርፓዎቹ ጥያቄ ነበር። እስካሁን የቆመውም የአካባቢው ሰው የራሱ ስላደረገው ይመስለኛል።

አንድ ጉዳይ ለብቻው ይነገር። «ትምህርት ቤት» ተብሎ የምትወሰዱበት ቦታ ልጆች የሚያድሩበት የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ያውም በማንኛውም ሰዓት በሩ ለጎብኚ ክፍት ከሆነ፣ ልጆች ለእንግዳ እንዲጨፍሩ ከተደረገና የገንዘብ ሣጥን በር ላይ ካለ፣ ተመለሱ። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ወላጅ ያላቸው ልጆች ጎብኚን ለመሳብ ተብለው ከቤተሰባቸው ተነጥለው የሚገቡበት ሁኔታ በብዙ አገር ተመዝግቧል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕግ ስታወጣ ይኸው ጉዳይ በሰፊው ተነሥቷል፤ በ2019 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ የማሳደጊያ ቱሪዝምን ጉዳት ጠቅሷል። ካምቦዲያ ውስጥ ፍሬንድስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት «ሕፃናት የቱሪስት መስህብ አይደሉም» በሚል ባካሄደው ዘመቻ ልጆች እንደ ሙዚየም ዕቃ በመስታወት ውስጥ ሆነው ጎብኚ ፎቶ ሲያነሣቸው የሚያሳይ ፖስተር ነበረ። ካሜራ ስናወጣ ያን ፖስተር ማስታወስ አይከፋም።

የመጨረሻው ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወት ይጠብቃል። በተግባር ይህ ሦስት በር ነው፦ የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ፣ የወላጅ ፈቃድ፣ የልጁ የራሱ ፈቃድ። ርዕሰ መምህሩ ቢፈቅድም ፊቱን ያዞረ ልጅ መልሱን ሰጥቷል። የፊት ፎቶ ሳያስፈልግ ብዙ ይነሣል፦ ሰሌዳው፣ በር ላይ የተደረደሩ ጫማዎች፣ ደብተር ላይ ያለ እጅ፣ ከኋላ የታየ ረድፍ። ስልኩ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ የካሜራውን የቦታ መረጃ ግቢ ሳትገቡ አጥፉት። ፊት፣ ዩኒፎርም ላይ ያለ ስም፣ ከጀርባ የትምህርት ቤቱ ታፔላ፤ ሦስቱ በአንድ ፎቶ ከተገናኙ ልጁ የማያውቀው ማንኛውም ሰው ከበሩ ላይ አድፍጦ ሊጠብቀው ይችላል። ድሮኑን ሻንጣ ውስጥ ተዉት።

ያነሣችሁት ፎቶ ካለ መልሱላቸው። የእንግዳ ካሜራ ሺህ ጊዜ ፎቶ ያነሣው ልጅ አንድም የራሱ ፎቶ እቤቱ ላይኖረው ይችላል። ለርዕሰ መምህሩ በስልክ መላክ ቀላሉ ነው፣ ልጁ ጋ ግን አይደርስም። በወረቀት አሳትሙ፤ በጀርባው ቀኑንና የክፍሉን ደረጃ በእርሳስ ጻፉ፤ ብዛቱ በፎቶው ላይ ካሉት ልጆች እንዳያንስ ቁጠሩ። እርጥበት እንዳያጣብቀው በየመሐሉ ወረቀት አድርጋችሁ በላስቲክ አሽጉት። ፖስታ በማይደርስበት ቦታ የሚሻለው በመጣችሁበት መንገድ በሰው እጅ መላክ ነው፦ የቅርቡ ከተማ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ወይም በሚቀጥለው ወር በዚያው የሚያልፍ ሰው። ሰውየው ትምህርት ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ክፍለ ጊዜ ከሆነ ለጥበቃው ሰጥቶ እንዲያልፍ ንገሩት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ።